የሃና መናፈሻ፣ የእታለም ስም

በቡዳፔስት ከተማ 7ኛ ወረዳ፣ የአገሬው ሰው ኤርዤቤትቫሮሽ በሚለው ሰፈር፣ በፎቅ ቤቶች መካከል የተሸጎጠች አንዲት መናፈሻ አለች። ትንሽ ናት። የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ከዳር ዳር ይደርሱባታል። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጄ ጋር ስንደርስ፣ አንዲት ባልቴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ፀሐይ ያስመታሉ፤ አንድ አባት ሕፃን ልጁን ዥዋዥዌ ይገፋል። የዛፎቹ ቅጠል ረግፎ መሬቱን አልብሶታል። ስሟን የያዘው ሰሌዳ ላይ «ሰነሽ ሃና» ይላል። ሀንጋሪዎች የቤተሰብን ስም ያስቀድማሉ። እኛ በእስራኤል ያደግነው ግን «ሃና ሰነሽ» ስንላት ነው።

ሰሌዳውን ሳየው እንባዬ መጣ። ልጄ ደነገጠች። ለምን እንዳለቀስኩ ያን ጊዜ ላስረዳት አልቻልኩም፤ አሁን ልሞክር።

የሃናን ስም መጀመሪያ የሰማሁት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያን አይሁዶች፣ ባሻገረው በዘመቻ ሙሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ፣ ከሱዳን ወጥተን እስራኤል ከገባን ጥቂት ወራት ሆኖን ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አፌ በዕብራይስጥ ገና አልተፈታም ነበር። አንድ ቀን አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንደ ጃንጥላ ያለ ነገር ሣለች፤ ከሥሩም ትንሽ ሴት ልጅ። ከዚያ አንድ መዝሙር አስጠናችን። ሃና በ1942 የጻፈችው «ጉዞ ወደ ቂሳርያ» የሚባለው ግጥም ነበር፤ የእስራኤል ሰው ሁሉ «ኤሊ ኤሊ» እያለ ይዘምረዋል። ከቃሉ የገባኝ ጥቂቱ ብቻ ነው። አስተማሪያችን በእጇ ምልክት ጭምር ስታስረዳን ግን አንድ ነገር ፍንትው ብሎ ገባኝ። ይህች ልጅ አገሯን ትታ፣ እናቷን ትታ፣ በሌሊት ድንበር የተሻገረች ልጅ ናት። ድንበር በሌሊት መሻገርን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ክፍል ማን ነበር? «ይህች የእኛ ናት» አልኩ በልቤ።

አድጌ ታሪኳን ሳነብ ልዩነቱን አየሁት። እኛ ከሞት ሸሽተን ድንበር ተሻገርን። እሷ ከሞት ካመለጠች በኋላ ሞት ወዳለበት ተሻገረች።

ሃና በቡዳፔስት በ1921 ተወለደች። አባቷ ቤላ ሰነሽ የታወቀ የቲያትር ደራሲና ጋዜጠኛ ነበር፤ እሷ ስድስት ዓመት ሳይሞላት ሞተ። ቤት ውስጥ አኒኮ ነበር የሚሏት። በምትማርበት የፕሮቴስታንቶች የሴቶች ትምህርት ቤት ለሥነ ጽሑፍ ማኅበሩ ኃላፊነት ተመርጣ ሳለ፣ አይሁድ በመሆኗ ቦታው ተነፈጋት። ከዚያ በኋላ ዕብራይስጥ መማር ጀመረች፤ በ1939ም በአሥራ ስምንት ዓመቷ ወደ ፍልስጥኤም ምድር ሄዳ ናሃላል የእርሻ ትምህርት ቤት ገባች። ቀጥላ በባሕር ዳር ያለችው ስዶት ያም የምትባለው የጋራ እርሻ መንደር (ኪቡጽ) ውስጥ የልብስ አጠባና የወጥ ቤት ሥራ ሠራች። እናቷ ቡዳፔስት ቀርታለች።

እዚያ ተቀምጣ መኖር ትችል ነበር። ነገር ግን በ1943 በእንግሊዝ ጦር ሥር ለሚሠለጥኑ የአይሁድ ፓራሹተኞች ፈቃደኛ ሆነች። በመጋቢት 1944 ዩጎዝላቪያ ላይ በፓራሹት ወርዳ ጀርመኖችን ከሚዋጉት የቲቶ አርበኞች ጋር ተቀላቀለች። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ጀርመን ሀንጋሪን ያዘ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ከ430,000 በላይ የሀንጋሪ አይሁዶች በባቡር ተጭነው ሄዱ፤ አብዛኞቹ ወደ አውሽዊትዝ። ሃና በሰኔ ድንበሩን ስትሻገር ባቡሮቹ ገና አልቆሙም ነበር። ወዲያው ተያዘች። የሬዲዮ መገናኛዋም ተገኘ።

ያሰሯት ሰዎች የሚፈልጉት የሬዲዮውን ምስጢራዊ ቁልፍ ነበር። ደበደቧት፤ ጥርሷን ሰበሩት። አልናገርም ስትል እናቷን አምጥተው ፊቷ አቆሟት። እናት ልጄ ፍልስጥኤም ምድር በሰላም አለች ብላ ነው የምታስበው። በሩ ተከፍቶ ፊቷ የቆሰለ፣ ጥርሷ የጎደለ ልጅ ሲያስገቡባት ምን እንደተሰማት መገመት ያቅተኛል። ሃና እናቷን አቀፈቻት፤ ቁልፉን ግን አልሰጠችም።

በእስር ቤት ሳለች ያደረገችው አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይገርመኛል። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለነበር ጠረጴዛ ላይ ወንበር ትደርብና ትወጣለች፤ ከወረቀት የቆረጠቻቸውን ትልልቅ ፊደላት አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ እያሳየች በማዶ ካሉት እስረኞች ጋር ትነጋገራለች። ለታሰሩ ሕፃናትም ከወረቀት ቁርጥራጭ አሻንጉሊት ትሠራላቸው ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ለፍርድ ቀረበች። ችሎቱ ውሳኔውን ለሌላ ቀን ቀጥሮ ሳለ፣ ኅዳር 7 ቀን 1944 በጥይት ተደብድባ ተገደለች። ዓይኗን እንዲሸፍኑት አልፈቀደችም። እናቷ ልጇን ለማየት ፈቃድ ልትለምን ስትመላለስ የዋለችው በዚያው ቀን ነበር። ሃና 23 ዓመቷ ነበር። በ1993 የሀንጋሪ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አልነበረችም ሲል ነፃ አወጣት። እናቷ ግን ይህን ሳትሰማ ሞታለች።

ልጄም 23 ዓመቷ ነው። ውትድርናዋን ጨርሳ፣ እኔን አስከትላ አውሮፓን ልታሳየኝ ነው የመጣነው። የዚያን ዕለት ጠዋት በዶሃኝ ጎዳና ወዳለው ትልቁ ምኩራብ ሄደን ነበር። ከምኩራቡ በስተኋላ ባለው ግቢ ከብረት የተሠራ የአኻያ ዛፍ አለ። ኢምሬ ቫርጋ የተባለው ቀራጺ ነው የሠራው። ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት ተንጠልጥለዋል፤ ቅጠሎቹ ላይ የተገደሉት ሰዎች ስም ተቀርጿል። ልጄ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ማንበብ የምትችለውን ስም ሁሉ ድምፅ እያሰማች ታነብ ነበር። ነፋስ ሲነፍስ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ።

ወደ ሃና መናፈሻ የመጣነው እነዚያን ስሞች በልባችን ይዘን ነው።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከባልቴቲቱ አጠገብ ተቀመጥን። ልጄ ስልኳን እያየች «ኢማ፣ ሰነሽ ማለት በሀንጋሪኛ ከከሰል የመጣ ቃል ነው» አለችኝ። ሃና ድንበሩን ከመሻገሯ በፊት ለጓደኛዋ የሰጠችው የመጨረሻ ግጥሟ ስለ ክብሪት እንጨት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ በእስራኤል የማያውቀው የለም። ከሰልና ክብሪት። ልጄ በነገሩ ግጥምጥሞሽ ተደነቀች። እኔ ግን ከሰል የሚለውን ቃል ስሰማ በሐሳብ ሄድኩ። ኡም ራኩባ ደረስኩ።

ኡም ራኩባ በምሥራቅ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወዲያ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። ከጎንደር ገጠር ተነሥተን ቀን እየተደበቅን፣ ሌሊት እየተጓዝን ሦስት ሳምንት ያህል ሄደን ነው የደረስነው። እናቴ የሚጠባ ወንድሜን አዝላ ስለነበር እኔን ያዘለችኝ እታለም ናት። እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ እታለም ስለምትላት እኛም እታለም አልናት፤ ጎረቤቱም፣ ሰፈሩም እታለም አላት። ልጅ አልወለደችም። የጀርባዋን ሽታ፣ የላብና የጭስ ሽታ፣ ዛሬም አልረሳሁትም። ውኃ ስትቀዳ መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለእናቴ፣ በመጨረሻ ለራሷ ነበር። ብዙ ጊዜ ለራሷ የሚቀር አልነበረም።

በመጠለያው ውስጥ ቤተ እስራኤል መሆናችን እንዳይታወቅ መደበቅ ነበረብን። ትልቁ ፈተና ሰንበት ነበር። እኛ በሰንበት እሳት አናነድም፤ አስቀድሞ የተለኮሰም ቢሆን በቤታችን አያድርም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከድንኳኑ ሁሉ ጭስ ሲወጣ ከእኛ ብቻ ካልወጣ፣ ማን እንደሆንን ሳንናገር ተናገርን ማለት ነው። እታለም ዘዴ ፈጠረች። ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ረመጡን በአመድ ታዳፍንና ከላዩ ላይ ኩበት ትደረድራለች። ባዶ ድስት ትጥዳለች። ኩበቱ እያዘገመ ሌሊቱን ሙሉ ይጨሳል። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤት የሚያየው የሚጨስ ምድጃና የተጣደ ድስት ነው። እሷ ራሷ ግን ያን ጭስ ማየት አትችልም ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ከምድጃው አዙራ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች። ሌላውን ሰው ለማዳን ብላ ሰንበቷን በጭስ አሳለፈች። ምን ያህል እንደከበዳት የገባኝ እኔ ራሴ ከጎለመስኩ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከመጠለያው ጠባቂዎች አንዱ አስተርጓሚ ይዞ መጣና ከእናንተ መሃል ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄድ የመጣ ማነው ብሎ እታለምን ጠየቀ። ብትናገር የሚሰጣትን ዱቄት ዘረዘረላት፤ ባትናገር የሚመጣባትንም ነገራት። እኔ ከቀሚሷ ጀርባ ቆሜ ነበር። «እኛ ረሃብ ያሰደደን ገበሬዎች ነን» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በጥፊ ሲመታት አየሁ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ዱቄት ስታቦካ ዋለች። ነገሩ ዳግመኛ አልተነሣም።

በዚያ ዓመት በመጠለያዎቹ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ኩፍኝ፣ ወባ፣ ተቅማጥ። በሱዳን መንገድና በመጠለያ የሞቱት የቤተ እስራኤል ልጆች ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። እታለም ከእነሱ አንዷ ናት። ያረፈችው በሌሊት ነው፤ ወንዶቹም በሌሊት ቀበሯት። መቃብሯን ዘመድ እንኳ መለየት እንዳይችል፣ ምልክት ሳይደረግበት አፈር ለበሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪና መጥቶ ወሰደን። ከካርቱም አውሮፕላን ተሳፍረን፣ በብራስልስ በኩል እስራኤል ገባን። የእሷ ቦታ ባዶ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጄ በመናፈሻው ወንበር ላይ ነገርኳት። ከዚህ በፊት ጥቂት ጥቂቱን ሰምታለች፤ የኩበቱን ነገር ግን አልነገርኳትም ነበር። ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ጠየቀችኝ።

«እታለም ስሟ ማን ነበር?»

«እታለም» አልኳት።

«እሱማ እህቴ ማለት ነው አይደል? እናቷ ያወጣችላት ስም?»

አላውቅም ነበር። ጀርባዋ ላይ ተጭኜ በረሃ የተሻገርኩባት፣ ውኃዋን የጠጣሁባት፣ ስለ እኔ በጥፊ የተመታች ሴት ስሟን አላውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ጠይቄም አላውቅ። የመናፈሻዋ ሰሌዳ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ስም፣ የቤተሰብ ስም።

ነገሩ የእኔ ብቻ ጥፋት እንዳልሆነ ለራሴ ልነግር ሞከርኩ። በአገራችን ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ነው። እታለም፣ እትዬ፣ ጋሼ፣ እማማ እያልን ነው ያደግነው። አክብሮት ነው፤ ደስ የሚል ባህል ነው። እንደገና ደግሞ እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሕዝብ ነን። አባቴ እስከ ሰባት ትውልድ ያለውን ያለ ማቋረጥ ይደረድረው ነበር። ነገር ግን የሚቆጠረው የወንድ ስም ነው። የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። ሴቶቹ በማዕረጋቸው ተከብረው፣ በማዕረጋቸው ተሸፍነው ያልፋሉ።

ስምን የሚያጠፋ ሌላም ነገር አይተናል። እስራኤል እንደገባን አንዲት መዝጋቢ ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ደግማ ለመጥራት ሞከረች፤ አቃታትና የዕብራይስጥ ስም ጽፋ ወረቀቱን ሰጠችኝ። በዚያ ስም ተማርኩ፣ በዚያ ስም ተዳርኩ፣ በዚያ ስም ልጆች ወለድኩ። ሃናም በልጅነቷ አኒኮ ነበረች፤ በዕብራይስጡ ስም መጠራትን ግን የመረጠችው እሷ ራሷ ናት። በመምረጥና በመሰጠት መካከል ያለውን ርቀት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከወንበሩ ሳልነሣ ለእናቴ ደወልኩላት። እናቴ እርጅና ተጭኗታል፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነው የምትውለው።

«እማዬ፣ እታለም ስሟ ማን ነበር?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኳት።

«ስሟንማ ማን ይጠራዋል፣ ልጄ። ታላቄ አይደለች?»

«አንቺ ካልነገርሽኝ ማን ይነግረኛል?»

እንደገና ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ስሟን ነገረችኝ፤ የአባቷን ስም ጨምራ። አርባ ዓመት ከአፏ ያልወጣ ስም ነው። ስትጠራው ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ። ቀጥላ ሳልጠይቃት ትነግረኝ ጀመር፤ ስታገባ የለበሰችውን፣ ከብት ስታግድ የዘፈነችውን፣ ሸክላ ስትሠራ እጇ እንዴት ፈጣን እንደነበረ። አንድ ስም ተጠርቶ አንድ ሙሉ ሰው መጣ። ልጄ ጆሮዋን ከስልኩ ጋር አጣብቃ ትሰማለች፤ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ባልቴቲቱ ቋንቋችንን ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ፣ ከቦርሳቸው የወረቀት መሐረብ አውጥተው ሰጡን።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት እናቴ አንድ ነገር ለመነችኝ። «ዝም ብለሽ በየሜዳው እንዳትጠሪው። መጀመሪያ በጸሎት ይጠራ። ቄሱ ይጥራው።» እሺ አልኳት። ስለዚህ ነው ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት።

የሃና አጽም በ1950 ከቡዳፔስት ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ በሄርጽል ተራራ፣ ከፓራሹተኛ ጓዶቿ ጋር አርፏል። በዚያው ተራራ ላይ፣ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ለሞቱት ወገኖቻችን የቆመ መታሰቢያ አለ። በ2007 ነው የተመረቀው። በየዓመቱ በዕብራውያኑ ወር በኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ እዚያ እንሰበሰባለን፤ ቄሶቻችን ይጸልያሉ፣ እናቶች ያለቅሳሉ። እኔ ለዓመታት እዚያ ስቆም የማለቅሰው «ለእነሱ» ነበር። ከእንግዲህ የማለቅሰው ስም ላላት ለአንዲት ሴት ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንደ ዕብራውያን አቆጣጠር ደግሞ ሃና የተገደለችው በሔሽቫን 21 ነው። የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል፣ ስግድ፣ በሔሽቫን 29 ይውላል። ሁለቱን የሚለያቸው ስምንት ቀን ብቻ ነው። ከእንግዲህ በዚያ ሳምንት ሁለት ሻማ አበራለሁ፤ ስግድ ሲደርስም ሁለቱንም አስቤ እወጣለሁ።

ከመናፈሻዋ ስንወጣ ዥዋዥዌ ላይ የነበረው ሕፃን ወርዶ ሰሌዳውን በመዳፉ ይመታ ነበር። ነገ ማንበብ ሲማር መጀመሪያ ከሚያነባቸው ቃላት አንዱ የዚያች ልጅ ስም ሊሆን ይችላል። ስለ እሷ አባቱን ይጠይቃል፤ አባቱም ይነግረዋል፤ ካላወቀም አንብቦ ይነግረዋል። አንዲት ትንሽ መናፈሻ የምትሠራው ሥራ ይህ ነው። ለጀግና ትልቅ ሐውልት ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ሰው ልጁን ይዞ የሚቀመጥበት ወንበርና የማይሳሳት አንድ ሰሌዳ ይበቃል።

የእኛ እናቶችና እህቶች ግን ገና ሰሌዳ የላቸውም። ረመጥ አዳፍነው ያዳኑን፣ ውኃቸውን ያጠጡን፣ ተጠይቀው ያልተናገሩ ሴቶች ስም ያለው በጥቂት አረጋውያን አፍ ውስጥ ብቻ ነው። እነዚያ አረጋውያን ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በእስራኤል ያላችሁም፣ በጎንደርም፣ በየትም ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ደውሉ። እታለም ስሟ ማን ነበር በሏት። ዝም ካለችም ስልኩን አትዝጉ፤ ጠብቋት።